አራት ቀን በባዝ፦ ከፍልውሃው እስከ ጃንሆይ ቤት

እማዬ ከአዲስ አበባ እኔ ጋ ለንደን ስትመጣ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቤተ መንግሥት አሳዪኝ አላለችም። ገበያ ውሰጂኝም አላለችም። «ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ቤት ውሰጂኝ» አለች።

ቤቱ ያለው ባዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ዘጠኝ ዓመት እዚህ አገር ስኖር ስሟን እሰማለሁ እንጂ ሄጄ አላውቅም ነበር። እማዬ ግን ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሰው ናት። ከተማዋን ሳታያት ከእኔ በላይ ታውቃታለች።

ቀኑንም የቆረጠችው እሷ ናት። ሚያዝያ 24 አርብ ሄደን ሚያዝያ 27 ሰኞ እንድንመለስ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ የወጡበት ቀን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሰው የገቡበት። «እሳቸውን አምስት ዓመት ከሦስት ቀን ፈጀባቸው። እኛ ሦስቷን ቀን እንሂድበት» አለች። ሰኞው እዚህ አገር የሕዝብ በዓል ስለነበር እኔም ከሥራ ነፃ ነበርኩ።

ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልኩ የምጽፋቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አርብ፣ ሚያዝያ 24

ከፓዲንግተን ጣቢያ ጠዋት ተነሳን። ትኬቱን ከሦስት ሳምንት በፊት ስለገዛሁት በግማሽ ዋጋ አገኘሁት። የምትሄዱ ካላችሁ ትኬት በዕለቱ አትግዙ።

ባቡሩ ባዝ ሊገባ ሲል እማዬ ፊቷን ከመስኮቱ አልነቀለችም። ከተማዋ ሸለቆ ውስጥ ነው የተቀመጠችው። ዙሪያዋን አረንጓዴ ኮረብታ ነው፤ ኤቨን የሚባለው ወንዝ በመሃሏ ይጠማዘዛል። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ቀለም ናቸው። ነጭም አይደሉ፣ ቢጫም አይደሉ። «ሁሉንም ቤት ነጭ ሽሮ የነፉበት ይመስላል» አለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል መፈለግ አላስፈለገኝም።

ቀለሙ የድንጋዩ ነው። ከከተማው በላይ ካሉት ኮረብታዎች የሚወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፤ «የባዝ ድንጋይ» ይሉታል። ከተማዋን እንዲህ አንድ ወጥ ያደረጋት እሱ ነው። ዩኔስኮ በ1987 ባዝን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አንድ ሕንፃ ወይም አንድ ሠፈር መርጦ አልነበረም። ከተማዋን በሙሉ ነው። በ2021 ደግሞ ከሌሎች አሥር የአውሮፓ የፍልውሃ ከተሞች ጋር ሁለተኛ ጊዜ ተመዘገበች። ነዋሪዋ ግን መቶ ሺህ እንኳን አይሞላም።

ማረፊያችን ላይ ትንሽ ተበሳጨን። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ምድር ቤት ክፍል ብዬ ነበር የያዝኩት። ስንደርስ የተሰጠን ሦስተኛ ፎቅ ሆነ፤ ሊፍት የለም። ይቅርታ ብለው ሻንጣችንን አወጡልን፤ ጉልበት ግን በይቅርታ አይድንም። የድሮ ቤቶች ውስጥ የሚከራዩት ማረፊያዎች ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም። ትልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጡ።

ከሰዓት በኋላ ሩቅ አልሄድንም። ፓሬድ ጋርደንስ የሚባለው አትክልት ከመሃል ከተማው ሁለት እርምጃ ነው። ከመንገዱ በታች፣ ወንዙ ዳር ነው ያለው። ከላይ ከአጥሩ ሆናችሁ ስታዩት አበባው በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያችኋል። መኪናው ከላይ ያልፋል፤ እታች ወርዳችሁ ስትቀመጡ ድምፁ ይጠፋል፤ የሚሰማው ውሃው ነው። ጥቂት ከፍ ብሎ ፑልቴኒ ድልድይ አለ። በ1774 ያለቀ ነው። በግራም በቀኝም ሱቅ ተሠርቶበታል፤ በላዩ ስታልፉ ድልድይ ላይ መሆናችሁን አታውቁም። ከድልድዩ ሥር ወንዙ በደረጃ እየተንደረደረ ይወርዳል።

አንዲት አትክልተኛ ተንበርክካ ቱሊፕ ታጸዳ ነበር። እማዬ አጠገቧ ሄዳ ቆመች። ሴትዮዋ የረገፈውን አበባ አንገቱ ላይ ብቻ ነው የምትቀጥፈው። ቅጠሉን አትነካም። እማዬ «ለምን ሙሉውን አትነቅለውም? ጠይቂያት» አለችኝ። ጠየቅኳት። ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ቢጫ እስኪሆን ከተተወ ሥሩ ያለው አኮር ምግብ ያጠራቅማል፤ ለከርሞ ደህና አድርጎ ያብባል አለችን። አበባው ዘር እንዲቋጥር ከተተወ ግን ጉልበቱ ወደዚያ ይሄዳል። እማዬ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማች። አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ጽጌረዳዋን እንዴት እንደምትገርዝ በእጇ አሳየቻት። በመሃል እኔ የማስተረጉመው ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም የሚነጋገሩት በጣታቸው ነው። ባዝ በአገሪቱ የአበባ ከተሞች ውድድር ደጋግማ ያሸነፈች ከተማ ናት። እንዴት እንደሆነ እዚያ ተንበርክካ ካየኋት ሴትዮ ገባኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ዛሬ የፍልውሃው ቀን ነው። የከተማዋ ስም ራሱ «መታጠቢያ» ማለት ነው።

በጠዋት ሄድን። ከረፋዱ በኋላ ሰልፉ አይቻልም፤ መግቢያውም ለአንድ ሰው ከሃያ ፓውንድ በላይ ነው። ይሁን እንጂ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ አንድ ቦታ ብቻ ብትከፍሉ እዚህ ክፈሉ።

ሮማውያን ይህን ቦታ ያገኙት በመጀመሪያው መቶ ዓመት ነው። ከእነሱ በፊት የአገሩ ሰዎች ሱሊስ ለምትባል አምላካቸው የሚሰግዱበት ምንጭ ነበር። ሮማውያን አላፈረሱትም። ከራሳቸው ሚነርቫ ጋር አዳብለው «ሱሊስ ሚነርቫ» አሏት፤ ቤተ መቅደስ ሠሩላት፤ ከጎኑ መታጠቢያውን ገነቡ። ከተማዋንም «የሱሊስ ውሃ» ብለው ሰየሟት። ከሮማውያን በኋላ መታጠቢያው ፈርሶ ጭቃና ጎርፍ ዋጠው። በላዩ ሌላ ከተማ ተሠራበት። ትልቁ ገንዳ ተቆፍሮ ዳግም የወጣው በ1880ዎቹ ነው።

ገንዳው አረንጓዴ ነው። ጣሪያው ስለጠፋና ፀሐይ ስለሚያገኘው አልጌ ይበቅልበታል። በሮማውያን ጊዜ ጣሪያ ስለነበረው ውሃው የጠራ ነበር። ወለሉ በ45 ትልልቅ የእርሳስ ንጣፎች የተለበጠ ነው፤ እስከ ዛሬም ውሃ ይይዛል። ከላይ እንፋሎቱ ይነሳል። ምንጩ ካለበት ክፍል ስትደርሱ ውሃው ከሥር ቡልቅ ቡልቅ ሲል ታያላችሁ። በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ነው የሚወጣው፤ ሙቀቱ 46 ዲግሪ። ከደቡብ ምዕራብ ካሉት ከሜንዲፕ ኮረብታዎች ላይ በሺዎች ዓመታት በፊት የዘነበ ዝናብ ነው ይላሉ። ወደ ምድር ጥልቅ ሰርጎ፣ እዚያ ግሎ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል።

እማዬ የብረቱን አጥር ይዛ ዝም አለች። ከዚያ ስለ ፍልውሃ ማውራት ጀመረች። ልጅ ሆና እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አበባ ፍልውሃ ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ወረፋ ይዘው፣ ሳሙናና ፎጣ በዘንቢል አድርገው። የውሃው ሽታ፣ የክፍሉ እንፋሎት፣ ከወጡ በኋላ የሚጠጡት ሻይ። «አዲስ አበባንስ ማን ቆረቆራት? ይኸው ውሃ አይደለም እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃውን ወደዱት፤ ቤት አሠሩ፤ ከተማው ተከተለ። እኔ ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን እዚህ፣ የሮማውያን ገንዳ ላይ ቆሜ ነው። ሰው ከመሬት ሙቅ ውሃ ሲፈልቅ ካየ ትቶት መሄድ አይችልም።

ከሁሉ በላይ የያዘን ግን የእርሳስ ቁርጥራጮቹ ናቸው። ከምንጩ ውስጥ ወደ 130 የሚሆኑ ተገኝተዋል። መዳፍ የማታህል ስስ ሳህን ናት። ሰዉ ላይዋ ላይ በሹል ነገር አቤቱታውን ጭሮ፣ ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ይጥላታል። አቤቱታው ለአምላኳ ነው። አብዛኛው ስለ ሌብነት ነው፤ ልብሱን አውልቆ ሲታጠብ የተሰረቀበት ብዙ ነው። አንዱ ካባው የተወሰደበት ሰው ነው። የሰረቀኝ ወንድም ይሁን ሴት፣ ባሪያም ይሁን ጨዋ፣ ካባዬን እስኪመልስ እንቅልፍ አያግኝ ብሎ ይለምናል። ሁሉም ጽሑፎች ከሞላ ጎደል እንዲህ ናቸው፤ ማንም ሰው እንዳያመልጥ ሁሉንም ዓይነት ሰው ይዘረዝራሉ። መስታወቱ ላይ አጎንብሼ ፊደሎቹን አየኋቸው። ተንጋደዋል። አንዳንዱ ቦታ እጁ ጠንክሮ እርሳሱን ሊበጣው ደርሷል። የተናደደ ሰው እጅ ነው።

«ስለት ነው እኮ» አለች እማዬ። «የእኛ ሰው ጠበል ቦታ ሄዶ የሚለውን ነው የጻፉት።»

በመውጫው ላይ ውሃውን የሚያስቀምሱበት ቧንቧ አለ። ገንዳው ውስጥ መዋኘት የተከለከለ ነው፤ በ1978 ውሃው ውስጥ በነበረ ተሕዋስ የአንዲት ልጅ ሕይወት ካለፈ በኋላ ተዘጋ። የሚጠጣው ከሌላ ጉድጓድ የሚመጣ ንጹሕ ነው። ብርጭቆውን ለእማዬ ሳቀብላት አልተቀበለችኝም። «የጣዖት ውሃ አይደል?» አለች። እኔ ጠጣሁት። ለብ ያለ ነው፤ የብረት ጣዕም አለው፤ አምቦ ውሃ ጋዙ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ዓይነት። እሷ ቆማ ታስባለች። ትንሽ ቆይታ እጇን ዘረጋች። «ጣዖቷ ሄዳለች። ውሃው የእግዚአብሔር ነው» አለች። አማተበችና እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

አደባባዩን ተሻግሮ ያለው ባዝ አቢ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። የአሁኑ ሕንፃ የተጀመረው በ1499 ነው። በዚያው ቦታ ላይ በነበረው የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ግን በ973 ንጉሥ ኤድጋር ዘውድ ጭኗል። ፊት ለፊቱን ሳታዩ እንዳትገቡ። በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም መሰላሎች ከድንጋይ ተቀርጸዋል። መላእክት ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አንዳንዶቹ በጭንቅላታቸው ነው የሚወርዱት፤ ክንፋቸው በዘመን ብዛት ሟሙቷል። ያሠራው ጳጳስ በሕልሙ አየሁ ያለው ነው ይባላል። እማዬ ከሕልሙ በፊት ሌላ ነገር አየች። «የያዕቆብ መሰላል!» አለች፤ ከእኛ ጋር የነበሩት ቱሪስቶች እስኪዞሩ ድረስ።

ምሳ የሳሊ ለን ቤት በላን። ቤቱ ከ1482 ጀምሮ የነበረ ነው ይሉታል። የሚታወቀው በትልቅ ለስላሳ ዳቦ ነው፤ ግማሹን ጠብሰው ከቀረፋ ጋር የተመታ ቅቤ ይቀቡታል። ፋሲካ ገና ማለፉ ስለሆነ ሃምሳው አልወጣም፤ ጾም የለብንም። እማዬ ቅቤውን ሳትሳሳ ቀባች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ጠዋት አውቶቡስ ይዘን ወደ ላይኛው ከተማ ወጣን። እግረኛ ከሆናችሁ ሩቅ አይደለም፤ ግን ዳገት ነው።

ሮያል ክሬሰንት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የቤቶች ረድፍ ነው። ሠላሳ ቤት፣ 114 ዓምድ። በ1767 ተጀምሮ በሰባትና ስምንት ዓመት ውስጥ አለቀ። የሠራው ጆን ዉድ ልጅየው ነው። አባቱም ጆን ዉድ ነው የሚባለው፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለውን ሰርከስ የሚባለውን ክብ አደባባይ የነደፈው አባትየው ነው። ሥራው በ1754 ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት እሱ ሞተ። ልጁ ጨረሰለት።

ክሬሰንቱን ሰው ሁሉ ከፊት ነው ፎቶ የሚያነሳው። እናንተ ግን ዞራችሁ ከኋላም እዩት። ያኔ ቤት የሚገዛው ሰው የፊቱን ግድግዳ በተወሰነለት ንድፍ ያቆማል፤ ከኋላው ያለውን ግን በራሱ ሰው፣ በራሱ ገንዘብ ልክ ይሠራዋል። ስለዚህ ከፊት አንድ ቤተ መንግሥት የሚመስለው ከኋላ ሠላሳ ዓይነት ቤት ነው። አንዱ ከፍ ብሏል፣ አንዱ ወጣ ብሏል፣ አንዱ መስኮቱ ጠቧል። እኔ የኋላውን የበለጠ ወደድኩት። ሰው ሰው ይሸታል።

ከፊቱ ያለው ሣር ደግሞ ዘዴ አለው። ከቤቶቹ ስታዩት ሣሩ ሳይቋረጥ እስከ ታችኛው መናፈሻ ይደርሳል። ስትጠጉ ግን በመሃል ቦይ ተቆፍሯል፤ አንዱ ጎኑ ግንብ ነው። ከብት ወደ ቤቱ እንዳይወጣ ያግዳል፣ ዓይን ግን አያግድም። አጥር ሳይታይ አጥር ማለት ይህ ነው።

ከሰርከሱ ጀርባ፣ ግራቭል ዎክ በሚባለው የእግር መንገድ ላይ ትንሽ በር አለች። ማንም ሳያያት ነው የሚያልፈው። ስትገቡ የ1760ዎቹ የአንድ ቤት ጓሮ ታገኛላችሁ። በነፃ ነው። በ1980ዎቹ አርኪኦሎጂስቶች የኋለኛውን ዘመን አፈር አንስተው የመጀመሪያውን የአትክልት ንድፍ ከሥር አገኙት፤ በዚያ ዘመን በነበሩ ተክሎች መልሰው ተከሉት። ሣር የለበትም። መሃሉ ጠጠር ነው፤ አበባው በተቆረጡ ዝቅተኛ ቁጥቋጦዎች የተከበበ ክብ መደብ ውስጥ ነው። ከቤቱ ፎቅ መስኮት ቁልቁል እንዲታይ ነበር የታሰበው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ለግማሽ ሰዓት ከእኛ በቀር ሰው አልመጣም። እማዬ ጫማዋን አውልቃ ጉልበቷን አሸች።

ከዚያ ሮያል ቪክቶሪያ ፓርክ። በ1830 ሲከፈት የመረቀችው በኋላ ንግሥት የሆነችው ቪክቶሪያ ናት፤ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ውስጡ በ1887 የተመሠረተ የዕፅዋት አትክልት አለ። ድንጋይ ላይ የሚበቅሉ ተክሎች፣ ትንሽ ኩሬ፣ በ1924 ለዌምብሊ ኤግዚቢሽን ተሠርቶ በኋላ ወደዚህ የመጣ የሚነርቫ ቤተ መቅደስ አምሳያ። ቅዳሜ ካየናት አምላክ ጋር እዚህም ተገናኘን። ሰዉ በሙሉ ቅዳሜና እሑዱን እዚህ ነው የሚያሳልፈው፤ ሣሩ ላይ ተኝቶ፣ ልጆቹን ለቆ።

ከሰዓት እማዬ አረፈች፤ እኔ ብቻዬን ፕራየር ፓርክ ሄድኩ። ከተማዋን ከላይ የምታዩበት ሸለቆ ነው። ያሠራው ራልፍ አለን ነው። ወጣት ሆኖ ባዝ ፖስታ ቤት ሥራ ገባ፤ የእንግሊዝን የፖስታ መላላኪያ አስተካክሎ ሀብታም ሆነ። በዚያ ገንዘብ የድንጋይ ማውጫውን ገዛ። የባዝ ቤቶች ድንጋይ በብዛት ከእሱ ተራራ ነው የወጣው። ይህን አትክልት ከ1734 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሠላሳ ዓመት ሠራው።

ከላይ ሆናችሁ ስታዩ ሜዳው ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ግርጌው ላይ ሐይቅና በ1755 የተሠራ ባለ ጣሪያ ድልድይ አለ፤ ከዚያ ባሻገር ከተማው። እንዲህ ዓይነት ድልድይ በዓለም ላይ አራት ብቻ ነው ያለው። ወርጄ ዓምዶቹን በእጄ ነካሁ። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት የመጡ ሰዎች ስማቸውን ፈልፍለውበታል፤ ፊደሉ በጥሩ እጅ የተቀረጸ ነው፤ ያ ለስላሳ ድንጋይ አይከለክልም። ዛፎቹ ሥር የዱር ነጭ ሽንኩርት ነጭ አበባ አውጥቶ መሬቱን ሸፍኖታል። ስትረግጡት ሽታው ወጥ ቤት የገባችሁ ያስመስላችኋል። ሁለት ቅጠል ለእማዬ ይዤ ተመለስኩ። አሽታ «ሽንኩርቱ ነው እንጂ፤ ሥሩን ለምን አልነቀልሽም?» አለችኝ። መንቀል ክልክል ነው አልኳት። «ጥሩ አድርገሻል» አለች።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፤ ነጠላዋን ጣል አደረገች። ከአዲስ አበባ ያመጣችውን ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ጃንሆይ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም» አለች።

ፌርፊልድ ሃውስ ያለው ከመሃል ከተማው በስተምዕራብ፣ ኒውብሪጅ የሚባል ሠፈር ነው። ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ሙዚየም አይደለም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፤ እኛም ቀድመን ጠይቀን ነው የሄድነው። አውቶቡሱ ሲያወርደን ተራ የመኖሪያ ሠፈር ነው። ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። አንድ ሰውዬ መኪናውን ያጥባል። በሩ ላይ ስንደርስ እማዬ ቆም ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

ቤቱ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። ትልቅ ነው፤ ቤተ መንግሥት ግን አይደለም። ይህ ነው መጀመሪያ የሚመታችሁ። ጃንሆይ በጁን 1936 ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ከተናገሩ በኋላ፣ በኦገስት ወደ ባዝ መጡ። ለዕረፍትና ለፍልውሃው ነበር። ከተማዋን ወደዷት፤ ይህን ቤት ገዙ። እስከ 1940 እዚህ ቆዩ። ቤተሰቡ፣ አገልጋዩ፣ ካህናቱ፣ የሚመጣው ስደተኛ ሁሉ እዚህ ነበር። የጸሎት ቤትም ነበራቸው። የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ የጀመሩትም በዚህ ከተማ ነው። እቴጌ መነን ቅዝቃዜውን አልቻሉትምና ብዙውን ጊዜ ኢየሩሳሌም ነበሩ። ልዕልት ፀሐይ ለንደን ሄደው የነርስነት ሙያ ተማሩ።

ገንዘብ አጥሮ ነበር። የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ደርሰዋል። አንድ የቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ የሚከፍለው ገንዘብ ነበረበትና ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ ረቱም። ይግባኙ ሳይሰማ ግን እንግሊዝ የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ ተቀበለች። ፍርዱ ተገለበጠ፤ ገንዘቡ ለጣሊያን ሆነ። እማዬ ይህን ለተማሪዎቿ ስትናገር ኖራለች። እዚያ ሳሎን ውስጥ ቆማ ስትነግረኝ ግን ድምፇ ተለወጠ። «ይኼኔ ወረቀቱ የደረሳቸው እዚህ ክፍል ይሆናል» አለች።

በር የከፈተልን ፀጉሩ የሸበተ፣ ቤተሰቡ ከጃማይካ የመጣ ሰው ነው። ቤቱ ከካሪቢያንና ከሌላም አገር ለመጡ አረጋውያን መሰባሰቢያ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ይህም ከጃንሆይ የመጣ ነው። በ1954 ለጉብኝት ሲመጡ ከተማዋ የክብር ነዋሪነት ሰጠቻቸው። በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ ሰጡ፤ ለአረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን። ለራስ ተፈሪያውያን ደግሞ የሚሳለሙት ቦታ ነው፤ ከሩቅ አገር ድረስ ይመጣሉ። ሰውየው እማዬን ሲያያት ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። እሷም ጎንበስ አለች። ቡናውን ሰጠችው። አሽትቶ ዓይኑን ጨፈነ።

ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ፎቶዎች አሉ። እማዬ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ አትክልቱን ልይ አለች።

ከቤቱ ጀርባ ሰፊ ሣር፣ በዕድሜ የገፉ ዛፎች፣ የተጠረበ የድንጋይ ደረጃ። ቁልቁል የኤቨን ሸለቆ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ስለዚህ ሰው ሳስብ ሁልጊዜ የሚታየኝ ጄኔቫ ቆመው ሲናገሩ ነው፤ ወይ ተመልሰው አዲስ አበባ ሲገቡ። እዚህ ግን ሌላው ታየኝ። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ያለው። አራት ዓመት፣ ብርድ፣ የከሰል ሒሳብ፣ ከአገር የሚመጣ ወሬ መጠበቅ። ጠዋት ተነስቶ ይኼንን ሣር ማየት። ጣሊያን በጁን 1940 ጦርነት ውስጥ እስክትገባ ድረስ ማንም ተነሱ አላላቸውም። ያን ጊዜ ብቻ ነው በአውሮፕላን ወደ ሱዳን የሄዱት፤ በጃንዋሪ 1941 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማውን ያቆሙት። እኔም ከአገሬ ርቄ ነው ያለሁት። በገዛ ፈቃዴ ነው፤ በፈለግኩ ጊዜ ትኬት እቆርጣለሁ። እዚያ ደረጃ ላይ ይህ ልዩነት ከበደኝ።

እማዬ ተነስታ አበባ መደቡ ጋ ሄደች። አንድ ቁጥቋጦ ላይ የደረቀ አበባ አየች። አንገቱ ላይ ብቻ ቀጥፋ ጣለችው፤ አርብ እንዳየችው። ሰውየው ከበሩ ሆኖ ያያታል፤ ምንም አላላትም።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ አዲስ አበባ ለእህቷ ደወለች። እዚያ የአርበኞች ቀን ነው፤ አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ የአበባ ጉንጉን ተቀምጧል፤ አክስቴ በቴሌቪዥን ስታይ ነበር። «የት ነሽ?» ስትላት ይሰማኛል።

«ጃንሆይ ቤት» አለች እማዬ።

«ቤቱ አለ እንዴ? እንዴት ነው?»

እማዬ ዘወር ብላ ቤቱን አየችው፤ ከዚያ ሣሩን፤ ከዚያ ዛፎቹን።

«አለ። ትንሽ አርጅቷል። አትክልቱ ግን ደህና ነው» አለች።